ራስ ምታቴን ደብቄ ቧሂት የወጣሁበት ቀን

ጅማ ውስጥ የባጃጅ ወንበር ልብስ ሰፊ ነኝ። መርካቶ አካባቢ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈ ጥቅል ላስቲክ፣ በቃ። ሁለት ጊዜ ወደ ስሜን ተራሮች ሄጃለሁ። አንዴ ታምሜ ከመንገድ ተመለስኩ፣ አንዴ ራስ ዳሸን ጫፍ ደረስኩ። ስለ ሁለተኛው ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እኔ ግን በደንብ ልነግራችሁ የምፈልገው ስለ መጀመሪያው ነው፣ ምክንያቱም ያኔ የሠራሁት ስህተት የጉልበት ወይም የገንዘብ ጉዳይ አልነበረም። "አመመኝ" ለማለት አፈርኩ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ቦርሳ ነው። በበለጠ ጌራ ደን ውስጥ ከአርሶ አደሩ ጋር የሚሠራ የጃፓኖች ፕሮጀክት ነበር፣ የጫካ ቡናውን ሁሉ ይደግፍ ነበር። ከዚያ የመጣች አንዲት ጃፓናዊት የጀርባ ቦርሳዋ ማንገቻ ተበጥሶባት ሰዎች ወደ እኔ ሱቅ ላኳት። በድርብ ክር ሰፋሁላት፣ ሥሩ ላይ ደግሞ ከወንበር ልብስ የተረፈ ቁራጭ ላስቲክ ደረብኩበት። ቁራጯን በጣቷ ስትዳስስ ቆየችና ሳቀች። በተሰባበረ አማርኛ፣ "የእኛ አገር ሴት ከመኪና ወንበር ልብስ ጓንት ሰፍታ ኤቨረስት ወጣች" አለችኝ። መጀመሪያ ቃሉ የተምታታባት መስሎኝ ነበር። ኋላ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችኝ። አጭር፣ መነጽር ያደረገች፣ ፊቷ በፀሐይ የጠቆረ ሴት። ጁንኮ ታቤይ።

ያን ቀን ማታ ልጄን አስተኝቼ ስለዚች ሴት ስፈልግ አመሸሁ። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራትም አልተውኳትም።

ጁንኮ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1939 ፉኩሺማ ውስጥ፣ ሚሃሩ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ልጅ ሆና ደካማ ናት ይሏት ነበር። አሥር ዓመቷ ላይ አስተማሪዋ ተማሪዎቹን ይዞ ናሱ ወደሚባል ተራራ ወሰዳቸው፣ እዚያ ፍቅሩ ያዛት። ተራራ ውድድር አይደለም፤ ቀስ ብሎ የሚሄድም ይደርሳል። ደካማ ለተባለች ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የእንግሊዝኛና የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ተማረች። ከምረቃ በኋላ ተራራ ወጪ ማኅበራት ውስጥ ስትገባ አንዳንድ ወንዶች ከእሷ ጋር በአንድ ገመድ መታሰር አንፈልግም ይሏት ነበር፣ ባል ፍለጋ ነው የመጣችው የሚሏትም ነበሩ። እሷም በ1969 የሴቶች ብቻ የሆነ የተራራ ማኅበር አቋቋመች። ዓላማቸው ግልጽ ነበር፦ በራሳችን ውጭ አገር ሄደን እንውጣ።

ኤቨረስትን ለመውጣት ፈቃድ የጠየቁት በ1971 ሲሆን ተራው የደረሳቸው ለ1975 ነው። ያኔ አራት ዓመት መጠበቅ ነበረባቸው። ገንዘብ ፍለጋ በየድርጅቱ ሲዞሩ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ልጅ አሳድጉ ተባሉ። በመጨረሻ አንድ ጋዜጣና አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ደገፏቸው፣ ያም ሆኖ እያንዳንዷ ከኪሷ የጨመረችው የአንድ ሰው የዓመት ደሞዝ ያህል ነበር። ጁንኮ ፒያኖ እያስተማረች አጠራቀመች። ጓንቱን ከመኪና ወንበር ልብስ ሰፉ። ላባ ከቻይና አስመጥተው የመኝታ ከረጢታቸውን ራሳቸው ሠሩ። ከመካከላቸው አስተማሪ የሆኑት ደግሞ ተማሪዎቻቸው ያሰባሰቡላቸውን፣ ሳይበሉ የቀሩ ትንንሽ የማርማላታ ፓኬቶች ስንቅ አደረጉ።

እኔን የያዘኝ ይህ ክፍል ነው። የወንበር ልብስ እኮ ነው የምሰፋው። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ዕቃ ነው። ልጅ አለችኝ፣ ጁንኮም ያኔ የሦስት ዓመት ገደማ ሴት ልጅ ነበረቻት። ተራራ የሚወጣው ፈረንጅ ወይም የአዲስ አበባ ሀብታም ነው ብዬ ነበር የማስበው። ከዚያ ቀን በኋላ እንደዚያ ማሰብ ተውኩ።

ስለዚህ በጉርብትና የማውቃቸው ልጆች ራስ ዳሸን ለመሄድ ቡድን ሲያቋቁሙ ተመዘገብኩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ። ባለቤቴ ልጅቷን እጠብቃለሁ አለ። እናቴ ዝም ብላ ቆየችና በለመደችው በኦሮምኛ "ሱታ ዴሚ" አለችኝ። ቀስ ብለሽ ሂጂ ማለት ነው። እሷ ያለችኝ መንገዱን፣ መኪናውን አስባ ነው። ግን ከሰማሁት ምክር ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነበር፣ አልሰማኋትም እንጂ።

ለሦስት ወር ተዘጋጀሁ። ሌሊት 11 ሰዓት እነሳለሁ፣ ጅሬን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ በእግሬ እወጣለሁ፣ ጀርባዬ ላይ ጥቅል ላስቲክ ተሸክሜ። ዝናብ ባለ ቀን ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይይዛል። እግሬ ጠነከረ፣ ትንፋሼ ተስተካከለ። ጎበዝ ሆኛለሁ አልኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የአካል ብቃት ከከፍታ ሕመም አያድንም። ከቡድናችን መጀመሪያ ራሱን ይዞ የተቀመጠው ጎበዝ ኳስ ተጫዋች የሆነ ልጅ ነው። የቸገረን ጉልበት አልነበረም። ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ራስ ዳሸን እኛ ትምህርት ቤት 4,620 ብለን በቃል ያጠናነው ነው፣ አሁን የሚጻፈው 4,550 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ላይ አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እንደ ጅማው ነው፣ አልተቀየረም። የአየሩ ግፊት ግን ባሕር ጠለል ላይ ካለው 60 በመቶ እንኳ አይሞላም። በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ያን ያህል ያነሰ ነው። ሰውነት ይህን የሚለምደው በቀናት ነው፣ በጉልበት አይደለም። ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ይጀምራል፣ ኩላሊትም የደሙን ሚዛን ለማስተካከል ይሠራል። ጊዜ ካልሰጣችሁት አይችልም።

እኛ ጊዜ አልሰጠነውም። ጉዞውን ያደራጀልን ሰው ቀን ለመቆጠብ ብሎ ከጎንደር ተነስተን በዚያው ቀን ፓርኩ ውስጥ ያለው የጨነቅ ካምፕ እንድናድር አደረገ። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ፣ ጨነቅ ደግሞ 3,600 ገደማ ነው። በአንድ ቀን 1,500 ሜትር። ደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ከፍለን፣ ስካውት የሚሉትን የፓርኩን ታጣቂ አጃቢ ይዘን፣ መኪናው ላይ እየዘፈንን አለፍን። ሳንካበርን አለፍን፣ ጭላዳዎቹን በመስኮት ፎቶ አነሳን። ማታ ጨነቅ ስንደርስ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል።

ራሴን ያመመኝ ያኔ ነው። ግንባሬ ላይ፣ በጎንና በጎን፣ እንደ ጠበበ ሻሽ ጥብቅ አድርጎ። እራት ቀረበ፣ ሽታው አስጠላኝ። "ቡና ስላልጠጣሁ ነው" አልኩ ለራሴ።

ይህንን ለጅማ ሰው በተለይ ነው የምጽፈው። እኛ በቀን ሦስት ጊዜ ቡና የምንጠጣ ሰዎች ነን። ከተማውን ለቀን ሁለት ቀን ቡና በደንብ ካላገኘን ራሳችንን ያመናል፣ የታወቀ ነው። ችግሩ ይህ ራስ ምታትና የከፍታው ራስ ምታት ሲጀምሩ አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው። ስለዚህ ሁላችንም "ቡና ነው፣ ቡና ነው" ተባባልን። ጫት የያዙ ልጆችም ነበሩ፤ እነሱ ደግሞ እንቅልፍ ሲያጡና ምግብ ሲዘጋቸው ከጫቱ ነው አሉ። የከፍታ ሕመም ምልክቱ ምንድን ነው? ራስ ምታት፣ ምግብ አለመፈለግ፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ማዞር። እንቅልፍ ማጣትም ከከፍታው ጋር አብሮ ይመጣል። ሁሉም ነበረን። ለሁሉም ሌላ ስም ሰጠነው።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ጠዋት አስተባባሪው "ሁላችሁም ደህና ናችሁ?" ሲል "ደህና" አልኩ። ለምን? ከቡድኑ ውስጥ ሴቶች ሁለት ብቻ ነበርን። ስመዘገብ "ልጅ ጥላ ተራራ?" ያሉ ሰዎች ነበሩ። ከአሥራ አንድ ሰው መካከል ጉዞውን የማበላሽ እኔ መሆን አልፈለግኩም። ይሉኝታ ያዘኝ። ይሉኝታን እናውቀዋለን፣ ርቦን "በልቻለሁ" የምንለው ነገር ነው። ቤት ውስጥ ጨዋነት ነው። 4,000 ሜትር ላይ ግን ሰው ይገድላል፣ ይህን ሳላጋንን ነው የምለው።

ወደ ራስ ዳሸን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን የቧሂትን ዳገት ጀመርን። መሬቱ ላይ አመዳይ ነበር፣ ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም ተክሎች በጭጋግ ውስጥ እንደ ሰው ቆመዋል። ትንሽ እንደሄድኩ አስመለሰኝ። ከድንጋይ ጀርባ ሆኜ ነው፣ ማንም እንዳያይ። አፌን ጠርጌ ቀጠልኩ። ማለፊያው 4,200 ሜትር ገደማ ነው። ወደዚያ ስንቃረብ የጫማዬ ክር ተፈታ። ጎንበስ ብዬ ላስር ስል ጣቶቼ እንቢ አሉኝ። በቀን ስንት መቶ ጊዜ መርፌ ላይ ክር የማስገባ ሴት የጫማ ክር ማሰር አቃተኝ። ይህን ሳስታውስ እስከ አሁን ሆዴ ይንቀጠቀጣል።

ስካውታችን ዕድሜያቸው የገፋ አባት ነበሩ። ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ ከኋላ ሲያዩኝ ቆይተዋል። መጡና በዱላቸው አፈሩ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ። "ልጄ፣ እስቲ በዚህች መስመር ሂጂልኝ፣ ተረከዝሽን ከጣትሽ እያስነካሽ" አሉኝ። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ወደ ቀኝ ወጣሁ። እንደገና ሞከርኩ፣ ወደቅኩ።

"ጋሼ፣ ትንሽ ልረፍና እቀጥላለሁ" አልኳቸው።

"ዕረፍቱ ታች ነው። ተነሽ።"

ክርክር አልነበረም። ክንዴን ይዘው ራሳቸው አወረዱኝ። ኳስ ተጫዋቹም ያን ጊዜ "እኔም አሞኛል" አለ፣ ተከተለን። ከጨነቅ በመኪና ሳንካበር ወረድን፣ 3,250 ሜትር ገደማ ነው። ማታ ላይ ራስ ምታቱ ለቀቀኝ። ትኩስ ሾርባ ጠጣሁ፣ አልወጣም። ከዚያ አለቀስኩ።

ሚዛን መጥፋት ማለት አንጎል ማበጥ ጀምሯል ማለት ሊሆን እንደሚችል ያወቅኩት ጅማ ተመልሼ ለማውቀው ሐኪም ስነግረው ነው። ደንግጦ አየኝ። ሌላው አደገኛ ነገር ሳንባ ውስጥ ውኃ መቋጠር ነው፦ ተቀምጠው እያሉ ትንፋሽ ማጠር፣ ሳል፣ እየባሰ ሲሄድም ሮዝ የሚመስል አረፋ። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ከመጣ መድኃኒቱ መውረድ ነው፣ በሌሊትም ቢሆን፣ ብቻን ሳይሆን ከሰው ጋር። ጠዋት እስኪነጋ አይጠበቅም።

ከተመለስኩ በኋላ ለሳምንታት ስለ ጉዞው ማውራት አልፈለግኩም። ማታ ማታ ግን ወደ ጁንኮ ታሪክ ተመለስኩ። መጀመሪያ ሳነብ ያለፍኩት ነገር ነበረ። ከኤቨረስት በፊት፣ በ1970፣ ማኅበራቸው አናፑርና 3 የሚባለውን ተራራ ወጥቷል፣ 7,555 ሜትር ነው፣ በአዲስ መንገድ። ጁንኮና አንዲት ጓደኛዋ ሸርፓ ከሚባሉ ሁለት የአገሩ መንገድ መሪዎች ጋር ጫፍ ደረሱ። ቅዝቃዜው ከመክበዱ የተነሳ የካሜራው ፊልም ተሰነጣጠቀ። በዚያ ጉዞ ላይ ሴቶቹን ያስቸገራቸው ግን ብርዱ ብቻ አልነበረም። ያደጉት ችግርን በዝምታ መቻል ጨዋነት ነው ተብለው ነው። አላውቅም ማለት፣ ደከመኝ ማለት፣ እርዱኝ ማለት ከበዳቸው። ተራራው ነው ያስገደዳቸው። አቅማቸውን ማመን፣ አንዷ የሌላዋን እጅ መያዝ ተማሩ።

እዚህ ጋ ስደርስ ስልኬን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ይሉኝታ የሚባል ቃል ይኑራቸው አይኑራቸው አላውቅም። ነገሩ ግን እሱው ነው። ከዓለም ማዶ ያሉ፣ ከእኔ አሥር እጥፍ የጠነከሩ ሴቶች እኔን የጣለኝ ነገር ጥሏቸው ነበር ማለት ነው። እነሱ ተራራው ላይ እያሉ አወቁት። እኔ ስካውቱ ባይኖሩ አላውቀውም ነበር።

ከዚያ ኤቨረስት መጣ። ግንቦት መጀመሪያ 1975፣ 6,300 ሜትር ላይ ድንኳን ውስጥ ተኝተው ሳለ ሌሊት የበረዶ ናዳ ወረደባቸው። ጁንኮ ተቀበረች። ስድስት ደቂቃ ያህል ራሷን ስታ ነበር፣ ሸርፓዎች ቆፍረው አወጧት። ለሁለት ቀን መራመድ አልቻለችም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ግን ጫፍ ላይ ነበረች። ዕቅዱ ሁለት ሴቶች እንዲወጡ ነበር። ከሸርፓዎቹ ብዙዎቹ በከፍታ ሕመም ስለተያዙ ለሁለት ሰው የሚበቃ ኦክስጅን ወደ ላይ ማድረስ አልተቻለም። ተራራው ሥር ያደጉ ሰዎች እንኳ ይታመማሉ። መሪያቸው ኤይኮ ሂሳኖ ጁንኮን መረጠች፣ እሷም ከአንግ ጸሪንግ ጋር ወጣች። ግንቦት 16 ቀን 1975 በፈረንጅ፣ በእኛ ግንቦት 8 ቀን 1967 ዓ.ም.። እኛ አገር የመሬት አዋጁ ከታወጀ ገና ሦስት ወር አልሞላውም። እናቴን ጠየቅኳት፣ ያን ዓመት ታስታውሰዋለች። እንዲህ ያለች ሴት መኖሯን ግን ማን ነግሯት።

ኤቨረስት ላይ የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ደግሞ ፋንቶግ የምትባል የቲቤት ሴት ከሰሜን በኩል ወጣች። ጁንኮ የመጀመሪያዋ ሴት ከምባል 36ኛው ሰው ብባል ይሻለኛል ትል ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ። ጫፉ ሊደርሱ ሲሉ ቀጭን የበረዶ ጠርዝ ገጠማት። በአንድ በኩል ኔፓል፣ በሌላው ቻይና፣ ሁለቱም ገደል። ግማሽ ሰውነቷን በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው በኩል አድርጋ በጎን እየተሳበች አለፈች። እና በጣም ተናደደች። ለምን? ከእሷ በፊት የወጡት ሰዎች ጽሑፍ ውስጥ ስለዚህ ጠርዝ የጻፈ ስላላገኘች ነው። ይህን ሳነብ የራሴን አሰብኩ። ከመሄዴ በፊት ስለ ራስ ዳሸን የጠየቅኳቸው ሰዎች ሁሉ ስለ ውበቱ ነገሩኝ፣ ፎቶ አሳዩኝ። ታምሜ ነበር ያለኝ አልነበረም። ስለዚህ የእኔን ጠርዝ እጽፋለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ሁለተኛው ጉዞ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ነው። ስድስት ሰዎች ነበርን፣ ጉዞውን ራሳችን አደራጀን። ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ። ጎንደር አንድ ሌሊት፣ ደባርቅ አንድ ሌሊት፣ እሷ 2,850 ሜትር ገደማ ናት። ከዚያ ሳንካበር። ከዚያ በእግር ግጭ፣ 3,600 ገደማ፣ እዚያ ሁለት ሌሊት። በመካከል ባለው ቀን እሜት ጎጎ ወጥተን አይተን ለመኝታ ወደ ግጭ ተመለስን። ከፍ ብሎ መዋል፣ ዝቅ ብሎ ማደር ይሉታል። በቁጥር ከፈለጋችሁ ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ቦታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ባይበልጥ ጥሩ ነው፣ በየሦስት አራት ቀኑ ደግሞ አንድ ቀን እዚያው ማረፍ። አዎ፣ ቀን ይጨምራል፣ ገንዘብም ይጨምራል፤ ለበቅሎ፣ ለበቅሎ ነጂ፣ ለስካውት ለእያንዳንዱ ቀን ይከፈላል። እኔ ለዚህ ስል የአምስት ወር ቁጠባዬን አወጣሁ። ሌላ ነገር ላይ ቆጥቡ፣ ቀን ላይ አትቆጥቡ።

ዳያሞክስ የሚባለውን መድኃኒት የሚወስዱ አሉ። ሰውነት ቶሎ እንዲለምድ ይረዳል። ሐኪም ሳያዝላችሁ ግን አትውሰዱ፣ የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማችሁ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሩት። የእንቅልፍ ኪኒንና አልኮል ይቅርባችሁ። ጫትም እንደዚያው፤ ድካሙን ይሸፍናል፣ ምግብ ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ መታመም አለመታመማችንን የምናውቅበትን ምልክት ሁሉ ያጠፋብናል።

ቡናን ግን አትተዉ። የተቆላ የተፈጨ ቡና በቆርቆሮ ይዤ ሄድኩ፣ ጠዋትና ማታ አፈላሁ። ቡና ጠጥቼ፣ ውኃ ጠጥቼ፣ ራሴን ካመመኝ ከፍታው ነው። ሌላ ስም አልሰጠውም።

ስለ ልብስ ብዙ አልጽፍም፣ ሽፋን ያለው ጃኬት፣ የሱፍ ካልሲ፣ የለመዳችሁት ጫማ። ስለ ጓንቱ ግን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ጉዞ ከወንበር ልብስ ላስቲክ የራሴን ጓንት ሰፍቼ ነበር። ጅማ ላይ ለስላሳ ነበር። ቧሂት ላይ በብርዱ እንደ ካርቶን ደረቀ፣ አውራ ጣቱ ጋ ስፌቱ ላይ ተሰነጠቀ። በሁለተኛው ጊዜ ከላይ ሸራ አደረግኩ፣ ላስቲኩን መዳፉ ላይ ብቻ። ውስጡ ልቅ ሆኖ ሌላ የሱፍ ጓንት የሚያስገባ፣ አንጓው ላይ ላስቲክ ገመድ ያለው፣ ከአንገት የሚንጠለጠል ክር ያለው። ስፌቱን ወደ ውጭ አወጣሁት፣ ጣት እንዳይበላ። ይህኛው እስከ መጨረሻው ሠራ። መስፋት የምትችሉ በዚህ መልክ ሞክሩት።

ከሁሉ የበለጠው ግን ደባርቅ ላይ ያደረግነው ነው። እራት በልተን ስንጨርስ የመጀመሪያውን ጉዞዬን ሙሉ በሙሉ ነገርኳቸው፣ ከድንጋይ ጀርባ ማስመለሴንም ጭምር። ከዚያ ተስማማን። ጠዋትና ማታ እያንዳንዱ ሰው በተራ ሦስት ነገር ይናገራል፦ ራሱን ያመዋል ወይስ አያመውም፣ በልቷል ወይስ አልበላም፣ ተኝቷል ወይስ አልተኛም። "ደህና ነኝ" ማለት አይቻልም። "ደህና ነኝ" መልስ አይደለም።

ግጭ ላይ ሁለተኛው ማታ ከመካከላችን በዕድሜ ትንሿ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ተራዋ ደረሰ። ጣቶቿን ታፍተለትላለች። "ራሴን ያመኛል። እራቴንም ለውሻው ነው የሰጠሁት" አለች፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ። ማንም ፊቱን አላጠቆረም። ቡና አፈላሁላት፣ ውኃ ጠጣች፣ ጠበቅን፣ ራስ ምታቱ አልለቀቀም። መስመር አሰመርኩላት፣ ቀጥ ብላ ሄደች። ስለዚህ ወደ ላይ አንንቀሳቀስም፣ ከባሰባት እንወርዳለን፣ ካልባሰባት እዚሁ አንድ ቀን እናርፋለን አልን። በቅሎ ነጂው ለተጨማሪው ቀን ሒሳቡን ተናገረ፣ አዋጥተን ከፈልን። በማግስቱ ከሰዓት ራሷ ተነስታ ገንፎ ጠየቀች።

ጁንኮ ከኤቨረስት በኋላም አላቆመችም። በ1980 ኪሊማንጃሮን ወጣች፣ 5,895 ሜትር፣ የእኛው አህጉር ላይ። በ1992 የሰባቱንም አህጉራት ከፍተኛ ተራሮች የጨረሰች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ስድሳ ዓመት ገደማ ሲሆናት ዩኒቨርሲቲ ተመልሳ ኤቨረስት ላይ ተራራ ወጪዎች ስለሚጥሉት ቆሻሻ አጠናች። ካንሰር ከያዛት በኋላም ተራራ ትወጣ ነበር፣ በሞተችበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ክረምት እንኳ ከፉኩሺማ ወጣቶች ጋር ፉጂ ተራራ ሄዳለች። ስትሞት 77 ዓመቷ ነበር። ይህን ሁሉ ከግጭ ወደ ጨነቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ለልጅቷ እየነገርኳት ሄድን፣ ከኋላ፣ በጣም በዝግታ።

ስለ መንገዱ አንድ የማይነገር ነገር አለ። ከቧሂት ማለፊያ በኋላ መንገዱ ወደ ላይ አይቀጥልም። መሸሀ ወንዝ ድረስ ከሺህ ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ እንደገና ወደ አምቢቆ ትወጣላችሁ። ጉልበት ያለቀበት ሰው ያን ቁልቁለት ሲያይ ልቡ ይወድቃል። አስቀድማችሁ ዕወቁት። ከዚያው በእግር የሚመለስ ሰው ያንን ሁሉ እንደገና መውጣት አለበት፣ ጉልበታችሁን ለመመለሻም አስቀሩ። አሁን ለመሄድ የምታስቡ ደግሞ ከሁሉ በፊት የአካባቢውን የሰላም ሁኔታ አጣሩ።

ከአምቢቆ ሌሊት 10 ሰዓት ተነሳን። ቧሂት ላይ ስናልፍ እነዚያን ስካውት ፈልጌ ነበር፣ አላገኘኋቸውም። ቢያንስ አንድ ሻሽና አንድ ኪሎ ቡና ይዤላቸው ነበር፣ ለሚያውቋቸው ሰዎች ጨነቅ ላይ ሰጥቼ መጣሁ። ጨለማው ውስጥ የእናቴን ሱታ፣ ሱታ እያልኩ በእርምጃ ልክ ተነፈስኩ። ሁለት እርምጃ፣ አንድ ትንፋሽ። መጨረሻ ላይ በእጅ ድንጋይ እየያዙ የሚወጣ ጥቂት ሜትር አለ። ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ። በዙሪያዬ ተመሳሳይ ቁመት ያላቸው ጫፎች አሉ፣ የትኛው ይበልጣል ብለው ሰዎቹ ይከራከሩ ነበር። ጓንቴን አውልቄ የጫማዬን ክር ፈታሁና መልሼ አሰርኩ። ጣቶቼ ታዘዙ።

ልጅቷ ከእኔ 40 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ከድንጋዮቹ መካከል ብቅ አለች። ገና ሳትቀመጥ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ "ራሴን አያመኝም፣ ቁርስ በልቻለሁ፣ ትንሽ ተኝቻለሁ" አለች።